ለአማች የሚሰጥ ካዝና

«እዚህ ቤት ውስጥ አልቀበልዎትም ነው ያልኩት እንጂ፣ አልቀበልም አላልኩም» አለ የእህቴ እጮኛ።

«ልዩነቱን አስረዳኝ» አለ አባቴ።

«አባባ፣ እዚህ ሜሪላንድ ነው።»

«የት እንደምኖር አውቃለሁ።»

በመካከላቸው፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ አራት የጠመንጃ ካዝናዎች ነጭ ጨርቅ ላይ ተጋድመዋል። ባዶ ናቸው። ጥይት ቢገባባቸው እያንዳንዳቸው ሠላሳ ይጎርሳሉ፤ ጠቡ የመጣውም ከዚህ ቁጥር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርታማችን ግድግዳው ስስ ስለሆነ አባቴ ሲቆጣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ያን ቀን በጣም ዝቅ አድርጎት ነበር። እናቴ ሥራ ላይ ናት። እህቴ የሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሁለቱን ፊት ተራ በተራ ታያለች። ሰርጓ ለመጪው እሁድ ነው።

«ዳድ፣ ጀስት ሊስን ቱ ሂም» አለች።

«አንቺ ሙሽራ ነሽ፣ ዝም በይ። ሕጉን እሱ ይንገረኝ።»

ነገረው። ሰውየው አርሊንግተን ውስጥ አንድ የመሥሪያ ቤት ሕንፃ በር ላይ የሚቆም የታጠቀ ጥበቃ ነው፤ ሲናገርም በር ላይ እንደቆመ ሰው ነው፣ ቀስ ብሎ፣ ሁሉንም እኩል እየረገጠ። «መያዝ አልተከለከሉም። ድሮ ከቨርጂኒያ ይዘው ሲገቡም ጥፋት አልነበረብዎትም። ሜሪላንድ የከለከለችው ከዐሥር በላይ የሚጎርስ ካዝና መሸጥ፣ መግዛት፣ መስጠትና መቀበል ነው። እርስዎ ሲሰጡኝ ጥፋተኛ፣ እኔም ስቀበል ጥፋተኛ። እኔ ደግሞ በዚህ ነው የምበላው። ላይሰንሴ ከተነካ ሥራዬ አለቀ።»

«አራት ግድግዳ ነው። ማን ያያል?»

«እኔ አያለሁ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ፤ ምስክር የሚፈልግ ይመስል ነበር። እኔ ማቀዝቀዣውን ተደግፌ ቆሜያለሁ።

«ዐሥር ጎራሾቹ አሉ አይደል» አለ እጮኛዋ። «ሁለቱ። እነሱን ይስጡኝ። እነሱ እዚህም ይፈቀዳሉ።»

«እነሱ ትናንት ከሱቅ የመጡ ናቸው። ሠላሳው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ለልጄ ባል ዐሥር ልስጥ? ሰው ምን ይለኛል?»

«እሺ፣ እንግዲያው እነዚህን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ እኔ ቤት ያምጡልኝ። እዚያ ክልከላ የለም። በሁለት እጄ እቀበልዎታለሁ።»

አባቴ ሳቀ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «ስጦታ ተሸክሜ የአማቼን በር ላንኳኳ? እንደ ፒዛ?» አለ። ከዚያ ጨርቁን ከአራቱም ጫፍ ሰብስቦ ካዝናዎቹን ጠቀለላቸው። «በቤቴ ካልተቀበልከኝ፣ እሁድ ልጄን ከዚህ ቤት አውጥቶ የሚሸኝ ሌላ ሰው ፈልጉ። እኔ የለሁበትም።»

እህቴ አላለቀሰችም። የምታለቅስ ሴት አይደለችም። ግን የእጮኛዋን እጅጌ ያዘች፤ ሲወጡም አልለቀቀችውም።

*

ይህ ለማያውቀው ሰው እልህ ብቻ ሊመስል ይችላል። ጎጃም ውስጥ አባቴ ባደገበት አገር ልጁን የሚድር ሰው፣ አቅም ካለው፣ ለአማቹ ጠመንጃ ይሰጣል። የሚሰጠውም በራሱ ደጃፍ፣ በራሱ እጅ፣ ሙሽራዋ ከቤት ልትወጣ ስትል ነው። ለአባቴም የእናቴ አባት እንዲሁ ሰጥተውታል። ያኔ አንድ በሬ እንኳ አልነበረውም። «ከዚያ በፊት የእገሌ ልጅ ነበር የምባለው» ብሎኛል አንድ ጊዜ። «ከዚያ በኋላ በስሜ ጠሩኝ።» አባቴ ዲቪ ደርሶት ሲመጣ ያ ጠመንጃ ለወንድሙ ቀረ።

እዚህ የገዛው ጠመንጃ የእንጨት ሰደፍ ያለው፣ ከሩቅ የአዳኝ ጠመንጃ የሚመስል ነው። የገዛው አሌክሳንድሪያ ስንኖር፣ እኔ ሚድል ስኩል እያለሁ ነው። ካዝናዎቹንም ያኔ ነው የገዛቸው። ከዚያ ለእናቴ ሥራ ብለን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንዛወር፣ ጠመንጃው ሜሪላንድ የምትፈቅደው ዓይነት መሆኑን ሦስት ሰው ጠይቆ ካረጋገጠ በኋላ ነው ያሻገረው። በብረት ሳጥን ተቆልፎ ይቀመጥ ነበር። ቁልፉ የት እንዳለ ከእናቴ በቀር ሁላችንም እናውቃለን፤ እናቴ ማወቅ አልፈልግም ብላለች።

ጠመንጃውን ለእህቴ እጮኛ ማስተላለፍ አልከበደም ነበር። እጮኛዋ የቨርጂኒያ ነዋሪ ስለሆነ ፈቃድ ባለው ሱቅ በኩል መሆን አለበት። ከጠቡ በፊት በነበረው ሳምንት ሦስታችን አሌክሳንድሪያ አንድ ሱቅ ሄድን። ሻጩ ጢሙን የጎነጎነ ወጣት ነው። ጠመንጃውን ከአባቴ ተቀብሎ ወደ ጓዳ ገባ፣ እጮኛዋን ወረቀት አስሞላው፣ የወንጀል ሪከርዱን ኮምፒዩተር ላይ ቼክ አደረገ። ከዚያ ጠመንጃውን ይዞ ወጣና በባንኮኒው ላይ አሻግሮ አቀበለው። «ኮንግራትስ፣ ማን» አለው።

አባቴ የባርኔጣ መደርደሪያው ጋ ቆሞ ነበር። መኪና ውስጥ ስንገባ፣ ቀበቶውን እያሰረ፣ «የሰጠው ያ ጢሙን የጎነጎነው ልጅ ነው» አለ። «እኔማ ዕቃ መላሽ ነው የመሰልኩት።»

ስለዚህ በገዛ እጁ ሊሰጥ የቀረለት ነገር ካዝናዎቹ ብቻ ነበሩ።

*

ስለ ካዝናዎቹ አያያዝ መናገር አለብኝ፤ አባቴ ይህን ልጅ የወደደው በእነሱ ምክንያት ነውና።

ካዝና ቀላል ነገር ነው። የቆርቆሮ ቤት፣ ውስጡ ጥይቱን ወደ ላይ የሚገፋ ሞላ፣ ሞላው ላይ የተቀመጠች ጠፍጣፋ ነገር፣ ከታች ክዳን። አባቴ ዘወትር ዓርብ ከሥራ ሲመለስ ክዳኑን ያንሸራትትና ሞላውን እንዳይዘል በአውራ ጣቱ ይዞ ያወጣዋል። እያንዳንዷን ካዝና ለይቶ ያውቃታል። ከእህቴ የጥፍር ቀለም እየወሰደ ከግርጌያቸው ነጥብ አድርጎባቸዋል፦ ቀይዋ ደህና፣ ሐምራዊዋ ጥይት የሚወጣበት ከንፈሯ ትንሽ የጎበጠ፣ ሮዟ ሞላዋ የሰነፈ። ሌላ የጥፍር ቀለም ስላልነበረ አራተኛዋ ምልክት የላትም፤ እሷን «ባዶዋ» ይላታል። እህቴ የሮዝ ቀለሟ ማለቁን ስታይ የጠረጠረችው እናታችንን ነበር።

ችግሩ ዘይቱ ነው። አባቴ ባደገበት ቤት ብረት የሚጠበቀው በኑግ ዘይት ነበር፤ ማረሻውም፣ ጠመንጃውም፣ የበሩ ማጠፊያም። እዚህ የጠመንጃ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ሲያገኝ፣ ካዝናዎቹን ገጣጥሞ ሲያበቃ ውስጣቸውን እንደ ሰላጣ ያጠጣቸው ነበር። እጮኛዋ ከአባቴ ጋር መግባባት በጀመረ ሰሞን ሦስታችን ከጌይተርስበርግ ወዲያ ወዳለ የተኩስ ሜዳ ሄድን። አባቴ ተኮሰ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ጠመንጃው ቀጭ ብሎ ዝም አለ። ጥይቱን አውጥቶ ሌላ አጎረሰ። ሁለት ተኩሶ እንደገና ቀጭ።

«ጥይቱ ነው» አለ እጮኛዋ። «ርካሹን ሲገዙ እንዲህ ያስቸግራል።»

ግን የወደቀውን ጥይት አንስቶ በሁለት ጣቱ ሲያሸው፣ ጣቶቹንም ሱሪው ላይ ሲጠርግ አየሁት። ማታ ኮል አደረገልኝ።

«ወንድሜ፣ የካዝናው ውስጥ ደረቅ መሆን አለበት። ዘይቱ በጥይቱ ግርጌ በኩል ይገባና ያከሽፈዋል። አቧራም ይሰበስባል። በደረቅ ጨርቅና በብሩሽ ብቻ ነው የሚጸዳው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም?»

«እኔ አማች ነኝ።»

«ገና አልሆንክም።»

«ለዚያም ነው። አንተ ልጃቸው ነህ፣ አንተን አይቀይሩህም።»

እኔም አልነገርኩትም። ዓርብ አባቴ ዘይት ያጠጣል፤ ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ሲሄድ እኔ ፈትቼ አደርቃለሁ። በሥራ ፈትነት የሚታማ ሰው ነኝ፤ አንድ ሥራ ላይ ዓመት ቆይቼ አላውቅም፣ የምጽፈውንም ግጥም ከስልኬ በቀር ያየው የለም። ያንን ሥራ ግን በጊዜው ነበር የምሠራው። ተኩሱ ተስተካከለ። አባቴ ጥሩ ጥይት መግዛቱ እንደረዳው አመነ። አንድ ቅዳሜ ግን ቦርሳውን ረስቶ ተመለሰና ሮዟን ሁለት ቦታ ፈትቼ አገኘኝ።

«አንተ ነህ የምታደርቅብኝ?»

ነገርኩት። ሁሉንም፣ ከስልኩ ጭምር።

ቁጭ አለ። «ልጁ የዚያን ቀን ነው ያወቀው?»

«አዎ።»

«አውቆ ዝም አለ?»

«አማች ነኝ አለ።»

አባቴ የዘይቱን ጠርሙስ አንስቶ ክዳኑን አጥብቆ ዘጋው። ከዚያ እስኪያስለው ሳቀ። «ባለጌ አይደለም» አለ። በአባቴ አፍ ከዚህ በላይ ምስጋና የለም። በዚያው ሳምንት ነው ጠመንጃውን ለእሱ እንደሚሰጥ ለእናቴ የነገራት።

እንግዲህ አባቴን ያቆሰለው ይኼ ነው። በዝምታው የወደደው ልጅ፣ መጀመሪያ አፉን ሞልቶ የተናገረው እምቢ ለማለት ሆነ።

*

ከጠቡ በኋላ ባሉት ቀናት አባቴ ከሥራ ሲመጣ ካዝናዎቹን እያወጣ ይፈታል። ኤርፖርት ሻትል ይነዳል፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ሻንጣ ሲያነሳ የዋለ ትከሻውን አጉብጦ ሞላ ይቦርሻል። የሚጸዳ ነገር አልነበረባቸውም። እህቴ ሳሎን ውስጥ በስልክ ለአዳራሹ ሰዎች ስለ ወንበር ታወራለች፤ እሱ ደግሞ በየመሐሉ ብሩሹን ያቆማል፣ ያዳምጣል፣ ይቀጥላል።

አንድ ምሽት ከእራት በፊት «ሕጉን አንብብልኝ» አለኝ። «እሱ ያለውን ሳይሆን የተጻፈውን።»

ስልኬ ላይ አወጣሁትና በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩለት። አንድ ቃል ላይ ስደርስ አስቆመኝ።

«መያዝ አይልም?»

«አይልም። መያዝ ይቻላል።»

«እስክሞት?»

«እስክትሞት።»

«ስሞትስ?»

«አላውቅም። ጠበቃ መጠየቅ ይሻላል።»

ሐምራዊዋን አንስቶ በመስኮቱ ብርሃን ከንፈሯን አየ። «የማልሰጠው ነገር የእኔ ነው ይባላል?» አለ። «ቀን የሰው ሻንጣ እጠብቃለሁ። ማታ ደግሞ ይኼን።»

ይህን ሲል ግጥም ሊሆን ይችላል ብዬ አስቤ ነበር። በኋላ ሞከርኩት፤ እሱ ካለው የተሻለ ነገር ማለት ስላልቻልኩ ተውኩት።

«ሕጉ መጥፎ ነው አልልም» ብሎ ቀጠለ፣ ያልጠየቅኩትን። «ቲቪ አያለሁ። ትምህርት ቤት የሚሆነውን አያለሁ። ሠላሳ ብዙ ነው። ግን እኔ ሠላሳ የፈለግኩት ለመተኮስ ነው እንዴ? አንድ ጊዜ ሞልቼያቸው አላውቅም። አውራ ጣቴን ያመኛል።»

ያኔ ነው ስለ ሱቁ የነገርኩት። ቀድሜ ያልነገርኩት እሱም ያየ መስሎኝ ነው።

«አባዬ፣ ሻጩ ጠመንጃውን ሲያቀብለው ወዲያው አልተቀበለም እኮ።»

«ማን?»

«እሱ። ሻጩ እጁን ዘርግቶ ቆሞ፣ እሱ ወደ አንተ ዞረ። እሺ እስክትለው እየጠበቀ ነበር። አንተ ባርኔጣዎቹን ነበር የምታየው። ሻጩ ሲሰለቸው ነው የተቀበለው።»

«ዋሸህ።»

«ፊቱ ይታየኝ ነበር። አንተን ነበር የሚያየው።»

ብሩሹን ጨርቁ ላይ አስቀመጠ። ሳሎን ውስጥ እህቴ «ኖ፣ ዋይት ቼርስ» ትላለች በስልክ፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ። አባቴ ወደዚያ ዞሮ ተቀመጠ።

«እኔ እኮ ማየት ስላልቻልኩ ነው» አለ። «ሌላ ሰው ሲሰጥልኝ።»

*

ዓርብ ከሥራ ቀደም ብሎ መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለበሰና «ገጣሚው፣ ተነሣ» አለኝ። ካዝናዎቹን በነጩ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጥቅሉን በትንሽ ሳጥን ቆልፎ፣ ሳጥኑን በመኪናው የኋላ ኮፈን ውስጥ አስቀመጠ። እህቴ ከየት እንደሰማች አላውቅም፤ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣችና ከኋላ ገባች።

አሌክሳንድሪያ ለመሄድ አጭሩ መንገድ በዲሲ መሐል ነው። እጮኛዋ ግን እንደምንመጣ ስጽፍለት «በዲሲ እንዳትመጡ፣ እዚያ መያዝም ክልክል ነው፣ ጣጣው ሌላ ነው» ብሎ ቴክስት አድርጎልኝ ነበር። ከተማዋን በሚዞረው ቤልትዌይ፣ በምሥራቅ በኩል እንሂድ ስል አባቴ ራሱን ነቀነቀ። «እዚያ ድልድዩ ሥር ያለው ጥቂት ውሃ የዲሲ ነው ይላሉ።»

«ውሃ እኮ ነው።»

«ልጁ ለሥራው የሚጠነቀቀውን እኔ በድልድይ ላበላሽበት?»

ስለዚህ በምዕራብ ዞርን። የዓርብ ትራፊክ አስፋልቱ ላይ ቆሟል። አባቴ ሁልጊዜ መንገድ ሲዘጋ የሚሳደበው ስድብ አለው፤ ያን ቀን አልተሳደበም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወንዙን ተሻግረን የቨርጂኒያን ምልክት ስናልፍ፣ «አሁን ይቻላል?» አለ።

«አሁን ይቻላል።»

«ይህ ሁሉ ለአንድ ድልድይ» አለ።

የእጮኛዋ አፓርታማ ረጅም ኮሪደር መጨረሻ ላይ ነው። አባቴ ሳጥኑን ራሱ ተሸከመ። በሩ ፊት ቆሞ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ፤ ሽማግሌ ሆኖ የሰው ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሰው ይመስል ነበር። ከዚያ አንኳኳ።

እጮኛዋ ገና የሥራ ልብሱን አላወለቀም። አባቴን ሲያይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና በሩን በሰፊው ከፈተ። ቤቱ ውስጥ ለሰርጉ የመጡ ካርቶኖች ተከምረዋል፤ የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ሁሉ ዕቃ ነበር። እየተጣደፈ አንዱን ወንበር ባዶ ሊያደርግ ሲል አባቴ እጁን አነሳ።

«አልቀመጥም። ና።»

ሳጥኑን ከፍቶ ጥቅሉን አወጣ። እጮኛዋ ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋ። አባቴ ጥቅሉን በዘረጋቸው እጆች ላይ አስቀመጠ፤ ግን ወዲያው አልለቀቀም። ሁለቱም ይዘውት ቆሙ። አገር ቤት በዚህ ጊዜ አማች የሚመረቅበት ቃል አለ፤ አባቴ ሊጀምረው አፉን ከፈተ። አልወጣለትም።

«ቆልፈህ አስቀምጣቸው» አለ በምትኩ። «ባዶ አድርገህ። ልጅ ሲመጣ ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ላይ።»

«ዳድ» አለች እህቴ።

«ምን? ልጅ አይመጣም?»

እጮኛዋ የአባቴን ጉልበት ሊስም ሲወርድ አባቴ በክንዱ ይዞ አነሳውና ግንባሩን ሳመው። ከዚያ እህቴን አያት። «እሁድ ቀደም ብለሽ ተዘጋጂ» አላት። «እኔ በር ላይ ቆሜ የምጠብቅ ሰው አይደለሁም።»

«አባባ፣ ምግብ ቀምሰው ይሂዱ እንጂ» አለ እጮኛዋ፤ ጥቅሉን እንደታቀፈ ነው።

«መኪናዬን የማይፈቀድ ቦታ ነው ያቆምኩት።»

መኪናውን እንግዳ የሚያቆምበት ቦታ ላይ፣ በሁለቱ መስመሮች መካከል ልክክ አድርጎ ሲያቆም አይቼዋለሁ። ባዶውን ሳጥን በብብቱ ይዞ ወጣ። ሁላችንም ኮሪደሩ ላይ የጫማውን ድምፅ እየሰማን ቆየን። በሩ ራሱን የሚዘጋ ዓይነት ነበር፤ ቀስ እያለ መጣና ተዘጋ።